መግነጢሳዊ መስክን በስስ ላሜራና በተረጨ ዚንክ ስለ መከለል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ ርእስ ላይ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ግብዣውን የተቀበልሁት ጥቂት ካመነታሁ በኋላ ነው። ያመነታሁበትም ምክንያት፣ ስለ መግነጢሳዊ መስክ መከለያ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ራሴ ከሠራሁት ስሕተት በመሆኑ ነው። ስሕተቱን ሸፍኜ ትምህርቱን ብቻ ባቀርብ ግን ንግግሩ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ከስሕተቱ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሕክምና ተቋም የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ በምድር ቤቱ ውስጥ ተከለ። ይህ መሣሪያ ከበሽተኛው ራስ ቅል ላይ የሚያነበው ምልክት በአሥሮች ማይክሮ ቮልት የሚቆጠር እጅግ ደካማ ምልክት ነው። መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ግን በምልክቱ ላይ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሌላ ማዕበል ይደረብበት ነበር። ከክፍሉ ግድግዳ በስተ ጀርባ የሕንፃው ዋና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ ቆሟልና የማዕበሉ ምንጭ ማንንም አላሳሳተም። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕፃናት የሚመረምሩት ሐኪም መዝገቡን ማንበብ ስላልቻሉ በሽተኞቻቸው ወደ ሌላ ቦታ እየተላኩ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። መፍትሔ እንዳቀርብ የተጠራሁት እኔ ነበርሁ።

በዚያን ሰሞን የኮምፒዩተር ሣጥኖችን ዚንክ በመርጨት ስለ መከለል አንብቤ ስለ ነበር፣ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ሁሉ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ዚንክ እንዲረጭ ሐሳብ አቀረብሁ። ስሌት ሠርተህ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልሠራሁም። የዚንኩ ሽቦ በውጭ ምንዛሪ ተገዛ፤ ኮምፕረሰርና የመርጫ መሣሪያ ተከራየን፤ ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻም ክፍሉ እንደ ብር ያብለጨልጭ ጀመር። በፈተናው ዕለት መስኩን ስንለካ ከመርጨቱ በፊት ያገኘነው ቁጥርና ከመርጨቱ በኋላ ያገኘነው ቁጥር አንድ ሆነ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ። ሐኪሙም መዝገቡን አገላብጠው ተመለከቱና፣ «ኢንጂነር፣ ጥቂት ተሽሎታል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ፊርማዬን አላኖርም» አሉኝ።

እንግዲህ ሁለት ነገር ማስረዳት ይጠበቅብኛል። ይኸውም መስኩ ለምን እንዳልተቀነሰና፣ መስኩ ካልተቀነሰ ደግሞ መዝገቡ ለምን ጥቂት እንደ ተሻለው ነው።

ሁለተኛውን በአጭሩ ልመልስ። ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወጣው መስክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከቮልቴጁ የሚመነጨው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ይህኛው ኮረንቲን በሚያስተላልፍ በማናቸውም ስስ ነገር ላይ ያርፋል፤ ያ ነገር ከኧርዝ ጋር ከተገናኘ እዚያው ይቀራል። ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. በብረታ ብረት በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ገብቶ ያሳየው ይህንኑ ነው። የእኛ ዚንክም ይህን ድርሻውን በሚገባ ፈጽሟል። ሁለተኛው ከኮረንቲው የሚመነጨው መግነጢሳዊ መስክ ነው። የመግነጢስ መስመር መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል። ስለሆነም የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ በኧርዝ ሽቦም ወደ መሬት አይወርድም። ማድረግ የሚቻለው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ በሌላ መንገድ እንዲሄድ መጋበዝ፣ ወይ ተቃራኒ መስክ አስነሥቶ ማዳከም።

በተቃራኒ መስክ ስለ ማዳከም ጥቂት በዝግታ ልሂድ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ኮረንቲ አስተላላፊ በሆነ ላሜራ ውስጥ ሲያልፍ በላሜራው ውስጥ አዙሪት ኮረንቲ ያስነሣል። ያም ኮረንቲ ያስነሣውን መስክ የሚቃወም የራሱን መስክ ይፈጥራል። መስኩ በላሜራው ውፍረት ውስጥ እየገባ በሄደ መጠን ይደክማል፤ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ለመውረድ የሚያስፈልገውን ውፍረት የስርገት ጥልቀት እንለዋለን። በ50 ኸርዝ የስርገት ጥልቀቱ በመዳብ 9.3 ሚሊ ሜትር፣ በአሉሚኒየም 12 ሚሊ ሜትር፣ በዚንክ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሠንጠረዥ የተመለከተ ሰው፣ ከዚህ የሳሳ ላሜራ ሁሉ በ50 ኸርዝ ዋጋ የለውም ብሎ ይደመድማል። እኔም ከውድቀቴ በኋላ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ እንዲሁ ደምድሜ ነበር። ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ሆነ።

የስርገት ጥልቀት የሚነግረን መስኩ በላሜራው ውፍረት ውስጥ ብቻ ምን እንደሚደርስበት ነው። ላሜራው ዙሪያውን የተዘጋ ሣጥን ወይም ክፍል ሲሆን ግን አዙሪት ኮረንቲው የክፍሉን ዙሪያ በሙሉ ይዞራል። ክፍሉ ራሱ አንድ ትልቅ አጭር ዙር ጥቅል ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወሳኙ ነገር የውፍረቱ፣ የአስተላላፊነቱ፣ የክፍሉ ስፋትና የድግግሞሹ ብዜት ነው። ክፍሉን 1.5 ሜትር ሬዲየስ ባለው ሲሊንደር መስለን፣ የውጭውንም መስክ በየቦታው እኩል አድርገን ብናሰላ፣ የእኛ 0.1 ሚሊ ሜትር ዚንክ መስኩን በ50 ኸርዝ የሚቀንሰው ከመቶ 3 እጅ ብቻ ነው። የመለኪያችን ስሕተት ራሱ ከዚህ ይበልጣል። በዚሁ ክፍል ላይ 1 ሚሊ ሜትር መዳብ ብንለብጥ ግን ስሌቱ መስኩ 17 ጊዜ እንደሚቀንስ ያሳያል። ይህን ቁጥር ባገኘሁ ጊዜ ተሳስቼ እንደ ሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ከስርገት ጥልቀቱ ዘጠኝ እጅ የሚያንስ ላሜራ ይህን ያህል ይሠራል። ነገር ግን ክፍሉ ወደ ግማሽ ቶን የሚጠጋ መዳብ ይፈልጋል፤ ዋጋውን ለእናንተ ግምት እተዋለሁ።

ይህ 17 የሚለው ቁጥር የሚገኘውም ኮረንቲው ያለ እንቅፋት ዙሪያውን መዞር ሲችል ነው። ሁለት ላሜራዎች ተደርበው በብሎን ቢያያዙ፣ በመካከላቸውም ቀለም ወይም ዝገት ቢኖር፣ ኮረንቲው መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። ያን ጊዜ ውድ የሆነው መዳብ የተቆራረጡ ሳህኖች ስብስብ ከመሆን አያልፍም። የቆርቆሮ ቤት ከሬዲዮ ሞገድ ይከላከላል ወይ ተብዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። ቆርቆሮው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በውፍረት ረገድ ለሬዲዮ ሞገድ አያንስም። መደራረቢያው ግን በሚስማር የተመታ፣ ዝገትና አቧራ የገባበት በመሆኑ መልሴ ሁልጊዜ «እንደ ምስማሩ ነው» የሚል ነው። መጋጠሚያ ከተቻለ ከዳር እስከ ዳር ይበየድ፤ በር ላይ ደግሞ በዙሪያው እንደ ጣት የተሰነጣጠቀ የነሐስ ስፕሪንግ ይደረግ። ቀዳዳን በሚመለከትም፣ ረጅምና ቀጭን ስንጥቅ ተመሳሳይ ስፋት ካላቸው ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች የከፋ ነው፤ የኮረንቲውን መንገድ የሚቆርጠው የስንጥቁ ርዝመት ነውና።

አሁን የተረጨውን ብረት በቅርብ እንመልከተው። ብረታ ብረትን አቅልጦ የመርጨት ዘዴ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሾፕ ያስገኘው ነው። በዛሬው የአርክ መሣሪያ ሁለት የዚንክ ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው የሚነሣው የኤሌክትሪክ ቅስት ዚንኩን ያቀልጠዋል፤ የታመቀ አየር ደግሞ ያን ቅላጭ በትንንሽ ጠብታ መልክ ወደ ግድግዳው ያስወነጭፈዋል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ በመሆኑ ጠብታው በፕላስቲክ ላይ እንኳ ሳያቃጥል ያርፋል። ጠብታው ሲያርፍ እንደ ምስር ይጠፈጠፋል፤ በላዩም ሌላ ጠብታ ይደረብበታል። በምስርና በምስር መካከል ግን ስስ የኦክሳይድ ቅርፊትና የአየር ኪስ ይቀራል። ስለዚህ የተረጨ ዚንክ ከላሜራ ዚንክ ያነሰ አስተላላፊ ነው። እኔ ከላይ በጠቀስሁት ስሌት የዚንኩን ተቃውሞ እጥፍ አድርጌ ይዣለሁ። ይህ ግን እንደ ረጪው እጅ፣ እንደ አየሩ ግፊትና እንደ ርቀቱ ይለያያል። በግምት ከመሄድ ይልቅ፣ ረጪው ሥራውን ሲጀምር በአንድ ሰሌዳ ላይ አብሮ እንዲረጭ ማድረግና ያን ሰሌዳ በአራት መነካኪያ መለካት ይሻላል። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ልባጥ ከካሬው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚገኘው ተቃውሞ ወደ 1.2 ሚሊ ኦም የሚጠጋ ከሆነ፣ የያዝሁት ግምት ትክክል ነበር ማለት ነው።

የተረጨ ልባጥ አንድ ትልቅ መልካም ጎን አለው፤ መጋጠሚያ የለውም። ማዕዘኑንም፣ ጠርዙንም፣ የተበየደውንም ያልተበየደውንም አንድ አድርጎ ያለብሳል። ጉድለቱ ደግሞ በሹል ማዕዘን ላይ መሳሳቱና፣ ግድግዳው አስቀድሞ በሚገባ ካልተሻከረ መላጡ ነው። እኛ በሠራነው ክፍል ውስጥ በበሩ መቃን አጠገብ አንድ ክንድ የሚያህል ልባጥ በስድስት ወሩ ተነሥቷል።

ታዲያ የተረጨ ዚንክ ተገቢ ቦታው የት ነው? በዚያው ክፍል ስሌት ዚንኩ ሥራ የሚጀምረው ከ200 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ነው፤ በ10 ኪሎ ኸርዝ መስኩን ወደ 50 ጊዜ፣ በ100 ኪሎ ኸርዝ ወደ 500 ጊዜ ይቀንሳል። እርግጥ በተግባር የበሩ ጥራት ይህን ቁጥር ያወርደዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለውና 0.05 ሚሊ ሜትር በተረጨ ትንሽ ሣጥን ደግሞ መከለሉ የሚጀምረው ከ6 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። ይህን ያህል መጠን ያለው 1 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሣጥን ግን ከ72 ኸርዝ ጀምሮ ይሠራል። አሜሪካውያን በ1979 እ.ኤ.አ. የኮምፒዩተር መሣሪያዎች የሚያስወጡትን የሬዲዮ ሁከት የሚወስን ደንብ ባወጡ ጊዜ፣ የፕላስቲክ ሣጥን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ወደ ዚንክ ርጭት የዞሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የእነርሱ ችግር በሚሊዮን ኸርዝ የሚቆጠር ነበር። የእኔ ችግር 50 ኸርዝ ነበር። መድኃኒቱን ከሌላ በሽተኛ ራስጌ አንሥቼ መጣሁ ማለት ነው።

ወደ ሌላው ዘዴ፣ ማለትም መስኩን በሌላ መንገድ እንዲሄድ ወደ መጋበዝ ልለፍ። እዚህ ላይ የሚሠሩት ብረትና የኒኬል ቅይጦች ናቸው። ከእነዚህ የታወቀው ሙ ሜታል በ1923 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ዊሎቢ ስሚዝና ሄንሪ ጋርኔት ያስገኙት ነው። መነሻቸውም መከለያ ሳይሆን በባሕር ሥር የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ኬብል ነበር። መግነጢስ አሳላፊነቱ ከአየር በብዙ ዐሥር ሺህ እጅ የሚበልጥ ስለሆነ የመስኩ መስመሮች በአየሩ ከማለፍ ይልቅ በእርሱ ውስጥ ዞረው ማለፍን ይመርጣሉ። 10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ አሳላፊነቱ 50,000 የሆነ ቱቦ በውስጡ ያለውን መስክ 500 ጊዜ ይቀንሰዋል። የማይለዋወጠውን መስክ እንኳ ይከልላል።

እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ለምን በብረት ላሜራ አልለበጥህም የሚል ሰው ይኖራል። እዚህ ላይ መጠን ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። በአዙሪት ኮረንቲ ዘዴ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር መከለሉ ይጨምራል፤ በዚህኛው ዘዴ ግን ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ይቀንሳል፤ ውፍረቱ ለዲያሜትሩ ይካፈላልና። በደካማ መስክ ውስጥ የተራ ብረትን አሳላፊነት 200 ብንይዝ፣ 3 ሜትር ስፋት ላለው ክፍል 1 ሚሊ ሜትር ብረት የማይለዋወጠውን መስክ የሚቀንሰው 1.07 ጊዜ ብቻ ነው። በ50 ኸርዝ ወደ 3 ጊዜ ገደማ የሚደርሰው፣ ብረቱ ኮረንቲም አስተላላፊ ስለሆነ በአዙሪት ኮረንቲው በኩል ነው።

ሙ ሜታል ደግሞ ባሕርየኛ ነው። ከተቆረጠና ከተጣጠፈ በኋላ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሃይድሮጅን እቶን ውስጥ ካልተቃጠለ አሳላፊነቱን አያገኝም። ከዚያም በኋላ ቢወድቅ ወይም በመዶሻ ቢመታ አብዛኛውን ያጣል። በጠንካራ ማግኔት አጠገብ ቢቆም ከ0.8 ቴስላ ገደማ በላይ ይጠግብና ሥራውን ያቆማል። ይህን የምናገረው ሠራተኛ ላሜራውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሲያጥፍ አይቼ ስለማውቅ ነው። ኒኬልን ወይም ብረትን በመርጨት ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት የሚያስቡ ሰዎችም አሉ። የተረጨው ጠብታ በኦክሳይድና በአየር ኪስ የተለያየ፣ በድንገት ቀዝቅዞ የተጨናነቀ በመሆኑ ለመስኩ የተቀጠለ መንገድ አይሆንለትም። ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

በአገራችን አንድ ሌላ መስክም አለ። አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ የምድር መስክ እዚህ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ሆኖ አግድም ያለ ያህል ይሄዳል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957-58 እ.ኤ.አ.፣ አባ ፒየር ጉዋን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚለካው ይህንኑ ነው። በቀላል ባቡር መስመር አጠገብ ስስ መለኪያ የሚተክል ሰውም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ችግር አለበት፤ ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነውና መስኩ በዝግታ ይለዋወጣል። ለእንዲህ ያለው መስክ መዳብም ዚንክም እንደ መስተዋት ናቸው።

ይህን መለየት የደኅንነትም ጉዳይ ነው። የኤም.አር.አይ. ክፍል በመዳብ ላሜራ የሚለበጠው የሬዲዮ ሁከት እንዳይገባ ነው፤ 1.5 ቴስላ ያለው መሣሪያ የሚሠራው በ64 ሚሊዮን ኸርዝ ገደማ ነውና። የማግኔቱ ቋሚ መስክ ግን በመዳቡ ውስጥ ሳይደክም ያልፋል። ልብ ማስተካከያ የተተከለላቸው ሰዎች ወዲህ አይለፉ የሚባልበት፣ ለረጅም ዘመን 0.5 ሚሊ ቴስላ ሆኖ የኖረው ወሰን የሚወጣው ከማግኔቱ ንድፍና ከርቀቱ እንጂ ከመዳቡ አይደለም። ክፍሉ በመዳብ ስለተለበጠ በስተ ጀርባው ያለው ኮሪደር ከማግኔቱ የተጠበቀ ነው ብሎ የነገረኝ ተቋራጭ አጋጥሞኛል።

ወደ ሐኪሙ ክፍል ልመለስ። ስሌቱን ከሠራሁ በኋላ መዳብ ግዙ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ከመከለያው ትቼ ወደ ምንጩ ሄድሁ። በማከፋፈያ ቦርዱ ላይ ሦስቱን ፌዞችና ኒውትራሉን አንድ ላይ በክላምፕ ሜትር አቀፍኋቸው። የሄደው ሁሉ በዚያው ከተመለሰ ድምሩ ዜሮ መሆን ነበረበት፤ መለኪያው ግን ወደ 5 አምፔር አሳየ። ያ ኮረንቲ በሌላ መንገድ እየተመለሰ ነበር። ግማሽ ቀን ከተከታተልነው በኋላ በአንድ ንኡስ ቦርድ ውስጥ ኒውትራሉ ከኧርዝ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ታስሮ አገኘነው። ኮረንቲውም በከፊል በኧርዙ በኩል ወደ ውሃ ቧንቧው ገብቶ፣ በመመርመሪያው ክፍል ወለል ሥር አልፎ ይመለስ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ብቻውን የሚሄድ ኮረንቲ መስክ ሩቅ ይደርሳል። 5 አምፔር በ1 ሜትር ርቀት 1 ማይክሮ ቴስላ ያደርጋል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚቀንሰውም በግማሽ ብቻ ነው። ሄያጁና ተመላሹ ጎን ለጎን ቢሆኑ ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ ሩብ ይወርዳል። የኧርዙን መስመር ለደኅንነት እንዳለ ትተን ሁለተኛውን እስር ብቻ ፈታን። በተለያየ መንገድ የተዘረጉትን የፌዝ ኬብሎችም አሰባስበን አሰርናቸው። መስኩ ወደ አሥረኛው ወረደ። ከበሽተኛው ራስ የሚወጡትን ሽቦዎች አብሮ መግመድ ቀሪውን አስተካከለው። የተጠቀምንበት መሣሪያ ካቻቪቴና ፒንሳ ነበር። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ፈረሙ።

ሪፖርቴን ስጽፍ ስለ ዚንኩ ምን ልበል ብዬ ሁለት ሌሊት አስቤአለሁ። ለኤሌክትሪክ መስኩ ጠቅሟል ብዬ ብቻ ባልፍ ውሸት አይሆንም ነበር። ነገር ግን ለዚያ ድርሻ ርካሽ የሽቦ ወንፊት ይበቃ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ይህንኑም ጻፍሁ። የተቋሙ አስተዳዳሪ አንብበው ከጨረሱ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን አስረጨኸን?» አሉኝ። ሳልለካ ስለ ተናገርሁ ነው ብዬ መለስሁላቸው። ሪፖርቱ ላይም እንዲህ ብለህ ጨምርበት አሉኝ፤ ጨመርሁ።

የለካሁበትን ጥቅል ይዤው መጥቻለሁ፤ እነሆ በጠረጴዛው ላይ ነው። 11.3 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ 1,000 ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በ50 ኸርዝ ለእያንዳንዱ ማይክሮ ቴስላ 3.1 ሚሊ ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ተራ ቮልት ሜትር ያነበዋል። በሦስቱም አቅጣጫ ማዞርን ግን አትርሱ። ከስብሰባው በኋላ ይህን አዳራሽ ራሱን ለመለካት የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር እዚሁ እቆያለሁ።